ምስማር ይዛችሁ ቤቴ አትግቡ

ስድስት የዋንዛ ወንበሮች አሉኝ። የተሠሩት እኔ ጎጆ በወጣሁ ሰሞን፣ ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ ነው። ጃንሆይ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ወንበሮቼ ይህን ሁሉ ቀጥ ብለው አሳለፉት። አብዮት ያላነቃነቃቸውን ወንበሮች ያነቃነቃቸው የባለቤቴ ወንድም ነው።

ሰውየው ደግ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ወንበሬን አይነካብኝም ነበር። አንድ እሑድ ለቡና መጥቶ የተቀመጠበት ወንበር ነቅነቅ ሲልበት፣ "ጋሼ፣ ይቺ እኮ የአንድ ምስማር ሥራ ናት" አለ። "ተው" የሚለው ቃል ከአፌ ሳይወጣ ልጅ ተልኮ ከጎረቤት መዶሻ መጣ። ስምንት ቁጥር ምስማር ከወንበሩ እግር በስተውጭ ገብቶ አግዳሚው ውስጥ ተቀበረ። ወንበሩ ዝም አለ። ባለቤቴ "ይኸው፣ ስንት ጊዜ ለምኜህ!" በሚል ዓይን አየችኝ። ብዙም ሳይቆይ ወንበሩ ከቀድሞው ብሶበት ይወዛወዝ ጀመር፤ እግሩም በምስማሩ መስመር ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ምን ብሎ ቢፈርድ ጥሩ ነው? "አርጅቷል።" በጠራራ ፀሐይ የተወጋ ወንበር በዕድሜው ምክንያት ተፈረደበት!

እንዲህ ያለውን ፍርድ እኔ ዝም ብዬ አላልፍም። ዕድሜ ወንበር አይጥልም። ወንበር የሚጥለው ጥድፊያ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ፤ ልጆቼ መስማት ስለሰለቻቸው እናንተ ትሰሙኛላችሁ። ደህና አናጺ ወንበር ሲሠራ የአግዳሚውን ጫፍ በመጋዝ አሳንሶ እንደ ምላስ ያወጣዋል። በእግሩ ላይ ደግሞ ለዚያ ምላስ የሚበቃ ጉድጓድ በመሮ ይፈለፍላል። ምላሱ በጉድጓዱ ውስጥ ጥብቅ ብሎ ሲገባ፣ በመካከላቸውም ስስ ኮላ ሲኖር፣ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። በግብጽ መቃብሮች የተገኙት የፈርዖኖች ወንበሮች በዚሁ ዘዴ የተጋጠሙ ናቸው። በ1922 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የቱታንክሃሙን መቃብር ሲከፈት፣ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ከምድር በታች የቆዩ ወንበሮች እግራቸውን ይዘው ወጡ። የባለቤቴ ወንድም በዚያ ዘመን አለመኖሩ የፈርዖን ዕድል ነው።

ታዲያ ለምን ይላላል? እንጨት ከተቆረጠም በኋላ መተንፈሱን ስለማያቆም ነው። አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸሻል። በርዝመቱ የሚለወጠው ከምንም አይቆጠርም፤ ከእርጥብ ግንድነቱ ፍጹም እስኪደርቅ ቢለካ እንኳ ከመቶ 0.1 ወይም 0.2 እጅ ገደማ ነው። በወርዱ ግን ብዙው ዓይነት እንጨት ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ ድረስ ይሸሻል። አሁን አስቡት። የአግዳሚው እንጨት ተጋድሞ ነው ያለው፤ የእግሩ እንጨት ቆሞ ነው ያለው። አንዱ ሊያብጥ በሚፈልግበት አቅጣጫ ሌላው አልለቅም ይላል። ሐምሌና ነሐሴ ምላሱ በጉድጓዱ ውስጥ ሲያብጥ መሄጃ ያጣና የራሱን ገላ ይጨፈልቃል። መስቀል አልፎ አየሩ ሲደርቅ፣ ተጨፍልቆ የነበረው እንጨት ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም፤ አንሶ ይቀራል። በየዓመቱ ክረምት ያስጨንቀዋል፣ በጋ ያከሳዋል። የእኔ ወንበሮች በነሐሴ ጤነኛ ሆነው በጥር የሚታመሙት ለዚህ ነው።

ይህን ያልተረዱ ብልጦች ደግሞ አሉ። የመጥረቢያ እጀታ ሲላላ ውሃ ውስጥ ስለሚነከር፣ ወንበርም እንዲሁ ይዳናል ብለው የሚያስቡ። አንድ ጎረቤቴ ወንበሩን በሐምሌ ዝናብ አሳድሮ "ጠበቀልኝ" ብሎ በኩራት አሳየኝ። ጠብቋል እንጂ! እስኪደርቅ ድረስ ነዋ። የተነከረው እንጨት አብጦ ራሱን ይጨፈልቃል፣ ሲደርቅም ጭራሽ ይከሳል። ይህን ስነግረው "ጋሼ፣ እርስዎ ነገር ያበዛሉ" አለኝ። በበጋ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው እንግዳ ሲወድቅ እኔ ምንም አላልኩም። ሳል ብቻ ነው ያሳልኩት።

የሠፈሬ ሰው ለላላ ወንበር ያለው መድኃኒት ብዛቱ! ሽቦ የሚጠመጥም አለ። ከመነዳሪ ቀዶ የሚያስር አለ። የጫማ ማስቲሽ የሚያፈስ አለ። ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጎ ጣቱን ከወንበሩ ጋር የሚያጣብቅም አለ፤ ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ተሰባሪ ነው፤ ለተሰበረ የስኒ ጆሮ ይሆን ይሆናል፣ ሰማንያ ኪሎ ሰው ተቀምጦ ለሚወዛወዝበት መጋጠሚያ ግን አይሆንም። ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ለውሶ ክፍተቱን የሚደፍንም አለ፤ ይኼኛው ከሁሉ ሻል ያለ ይመስለዋል፣ ነገር ግን የሰጋቱራ ገንፎ ዓይን ይሞላ እንደሆነ እንጂ ጉልበት የለውም። ከሁሉም የከፋው ግን ያው ምስማር ነው። ምስማር ምላሱን አያጠብቀውም፤ ምላሱ በምስማሩ ዙሪያ እየተወዛወዘ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ምስማሩ ይዝጋል፣ ዝገቱ እንጨቱን ያጠቁረዋል። በመጨረሻ አንድ አስተዋይ ሰው መጥቶ ወንበሩን ፈትቼ ላክመው ሲል፣ ያ ምስማር አላስፈታም ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት ሰዎች ወንበር የሚጠግን አማች የነበራቸው ይመስለኛል።

መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እሱም ማንም መስማት የማይፈልገው ነው፦ መፍታት። የላላውን ወንበር ሙሉ በሙሉ መፍታት። ይህን ስናገር ቤተሰቤ ቤቱን አፍርሰን እንሥራው ያልኩ ያህል ይደነግጣል።

ከመፍታት በፊት ግን መመርመር ያስፈልጋል። ወንበሩ ወለል ላይ ሲንገጫገጭ መጋጠሚያው ላልቷል ማለት ላይሆን ይችላል። እጃችሁን ከመጋጠሚያው ላይ አድርጉና ወንበሩን ወዝውዙ፤ እንጨት ከእንጨት ጋር ሲንሸራሸር ከተሰማችሁ በሽታው እዚያ ነው። ካልተሰማችሁ ወለሉ ነው ጎርበጥባጣው ወይም አንዱ እግር አጥሯል። በእኔ ቤት ለዚህ ሁለተኛው በሽታ የሚሰጠው መድኃኒት ወረቀት አጥፎ ከእግሩ ሥር መወተፍ ነው። የእድር ደረሰኜን ስፈልግ ከርሜ ያገኘሁት ከምግብ ጠረጴዛው እግር ሥር፣ በአራት ታጥፎ ነው።

የጅማ ሰዎች ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ናቸው። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ ምላስ የለው፣ ጉድጓድ የለው፣ ኮላ የለው። መጋጠሚያ የሌለው ነገር ምኑ ይላላል? እግሩም ሦስት ስለሆነ የትኛውም ጎርባጣ ወለል ላይ ቢቀመጥ አይንገጫገጭም፤ የሚያንገጫግጨው አራተኛው እግር ነው። እኔ በወጣትነቴ ይህን ባውቅ ኖሮ ስድስት በርጩማ ገዝቼ በሰላም አረጅ ነበር። ባለቤቴ ግን የወንበር መደገፊያ የሌለው ቤት ቤት አይደለም ባይ ነች።

ወደ መፍታቱ እንመለስ። መጀመሪያ እያንዳንዱ እንጨት ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረጋል፤ ሀ ከሀ፣ ለ ከለ ጋር። ምልክቱ በማይታየው በኩል ይሁን፤ የልጅ ልጄ በቋሚ ቀለም መደገፊያው ፊት ላይ የጻፈው "ለ" ዛሬም ይነበባል። ከዚያ መጋጠሚያዎቹ በእንጨት መዶሻ፣ ጨርቅ ተደርጎባቸው፣ ቀስ እየተባለ ይመታሉ። አልለቅም ያለ ካለ ሞቅ ያለ አቼቶ በመጋጠሚያው ላይ ጠብ ጠብ እያደረጉ መጠበቅ ነው፤ አሮጌውን ኮላ ያለሰልሰዋል። ባለቤቴ በዚህ ደረጃ ላይ "የሰላጣዬን አቼቶ!" ብላ ትጮኻለች። ይጩኹባችሁ፤ ሥራችሁን ቀጥሉ። ምስማር ካለ በጉጠት ይነቀላል፤ ጭንቅላቱ ከጠፋ ዙሪያውን በጥንቃቄ ቆፍሮ ማውጣት ነው። ወገባችሁ ሲያማችሁ የመታውን ሰው አስታውሱ።

አሁን ትልቁ ነገር መጣ። የደረቀው አሮጌ ኮላ ተፍቆ መውጣት አለበት። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ነጭ የእንጨት ኮላ የሚሠራው እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ነው፤ በደረቀ ኮላ ላይ ካፈሰሳችሁት የሚሰርግበት አያገኝም። አብዛኛው ጥገና በወሩ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ሰው አዲስ ኮላ በአሮጌው ላይ ይደፋና ኮላውን ይራገማል። ስትፍቁ ግን ኮላውን ብቻ ፋቁ፤ ምላሱን አታሳንሱት። ምላሱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ የሚያሽ ሰው አይቻለሁ፤ የላላውን ጭራሽ ሊያላላው።

በልጅነቴ የማውቃቸው አናጺ ግን ይህ መከራ አልነበረባቸውም። የእሳቸው ኮላ ከከብት ቆዳና አጥንት የተቀቀለ ነበር። ጣሳውን በሌላ የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው፣ ሳይፈላ፣ ወደ 60 ዲግሪ ገደማ ለብ አድርገው ነው የሚቀቡት። ሽታው ሠፈሩን ያስለቅቅ ነበር፤ እናቴ መስኮት ትዘጋ ነበር። ነገር ግን ያ ኮላ ትሑት ኮላ ነው። በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፤ አዲሱን በአሮጌው ላይ ብትቀቡት አሮጌውን አሟሙቶ አብሮ ይይዛል። ማለትም የሠራው ሰው አንድ ቀን ሌላ ሰው ሊጠግነው እንደሚመጣ አስቦለታል። ዛሬ ማን ለማን ያስባል? ዛሬ ዕቃ የሚሠራው ከሱቁ በር እስከ መኪናው እንዲደርስ ነው።

ምላሱ በጉድጓዱ ውስጥ ከተንቀዋለለ ከመላጊያ የሚወጣውን ስስ ፍቅፋቂ በኮላ ምላሱ ላይ ለጥፉና ሲደርቅ ልክ እስኪሆን ፋቁት። በእጅ ሲገፋ የሚገባ፣ በገዛ ራሱ ግን የማይወድቅ፤ ልኩ ይኸው ነው። ከዚያ ኮላ በምላሱም በጉድጓዱም ስስ አድርጎ መቀባት፣ መግጠም፣ ማጥበቅ። ሞርሳ ያለው በሞርሳ ያጠብቃል። እኔም ነበረኝ፤ እሱን ቆይቼ አነሣዋለሁ። የሌለው በእግሮቹ ዙሪያ ገመድ ሁለት ዙር ጠምጥሞ በመካከሉ ዱላ ያስገባና ያጠማዝዛል፤ ገመዱ እንጨቱን እንዳይበላ ማዕዘኑ ላይ ጨርቅ ይደረጋል። ኮላው ሳይደርቅ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለውን አግድመት በሁለቱም በኩል ለኩ። እኩል ካልሆነ ወንበሩ ተጣሟል፤ ጠምዝዛችሁ አስተካክሉት። ደልዳላ ወለል ላይ አቁማችሁ አራቱም እግር መሬት መንካቱን እዩ። የተረፈውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

እና ከዚያ ተዉት። 24 ሰዓት። አትንኩት፣ አትቀመጡበት፣ "እስቲ ይዞ እንደሆን" ብላችሁ አትወዝውዙት።

በኢትዮጵያ ምድር ከዚህ የሚከብድ መመሪያ የለም። ዐዋጅ ብታስነግሩ በቤታችሁ ያለ ሰው ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ወንበር ላይ ነው። በገመድ ታስሮ፣ ዱላ ተሰክቶበት፣ "እንዳትቀመጡ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበት፣ አንዲት የሠፈር እናት ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡበት። "እትዬ፣ ኮላው አልደረቀም!" ስላቸው "ኧረ ልጄ፣ ለእኔ ይሄ ይበቃኛል፣ አትቸገር" አሉኝ። ትሕትናቸው ልቤን ነካው፤ መጋጠሚያውን ደግሞ አላቀቀው።

ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው በሁለት እግር ወደ ኋላ ተንጋለው ሲቀመጡ ደግሞ የማየውን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው። የተቀመጠው ሰው ክብደት በሙሉ የጎን አግዳሚው ከኋላ እግር ጋር በሚገጥምባት በዚያች ቦታ ላይ ያርፋል። ከወንበር ሁሉ መጀመሪያ የምትላላው እሷ ናት። "ልጄ፣ አራት እግር የተሠራለት ለምን ይመስልሃል?" ብለው "አባባ፣ ባላንስ እያደረግኩ ነው" አለኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን ቤተሰቡ ስላሰለቸኝ አንዱን ወንበር አስጭኜ ወደ አንድ የዕቃ ቤት ወሰድኩት። ወጣቱ ሠራተኛ ወንበሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ አየው። በእግሩ! "አባት፣ ይሄን ከማስጠገን አዲስ ቢገዙ ይረክስዎታል" አለኝ። ሒሳቡን ሲሠራልኝ ልጁ እውነቱን ነው፤ የበለጠ ያናደደኝም እሱ ነው። "አዲሱ ከምንድን ነው?" አልኩት። "ኤምዲኤፍ ነው አባት፣ ፊኒሺንጉን ይዩት።" አየሁት። ያብረቀርቃል። ፊቴን አየሁበት፤ ፊቴ ተቆጥቷል። ኤምዲኤፍ ማለት የተፈጨ እንጨት በኮላ ተጨፍልቆ ላዩ ላይ የእንጨት ፎቶግራፍ የተለጠፈበት ነው። ብሎኑን አንዴ ነቅላችሁ መልሳችሁ ብታስገቡት አይይዝም፤ ክሩ ውስጡን ፈጭቶታል። ችፑድ የሚሉት ወንድሙ ደግሞ ውሃ ከነካው ያብጥና አብጦ ይቀራል፤ ጥር ቢመጣ የካቲት ቢመጣ አይመለስም። የላላ ወንበር ይታከማል። የእነዚህ ግን ሞታቸው የሚጀምረው በተገዙበት ቀን ነው።

ዋንዛ እንደ ልብ የሚገኝ መስሏችሁ ከሆነ ደግሞ ተሳስታችኋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ ደግ አደረገ። ዋንዛ በየቡና ማሳው ጥላ ሆኖ ሲቆም ያምርበታል፤ ይቁም። ታዲያ አዲስ ዋንዛ እንደ ልብ ካልተገኘ፣ ቀድሞ የተቆረጠውን እሳት ውስጥ የሚጨምር ሰው ምን ይባላል? አንድ ጎረቤቴ የአባቱን ቁም ሳጥን ፈልጦ ለገና ዶሮ ወጥ ማብሰያ ሲያደርገው ዓይኔ እያየ ነው። ወጡ ጣፋጭ ነበር፤ እሱን አልክድም፤ ግን እየበላሁ አዘንኩ።

እንግዲህ አምስቱ ወንበሮቼ ድነዋል። ስድስተኛው፣ ያ በስምንት ቁጥር የተወጋው፣ እግሩ ስለተሰነጠቀ ኮላ ገብቶበት ሊጣበቅ ይገባዋል፤ ለእሱ ደግሞ ገመድና ዱላ አይበቃም፣ ስንጥቁን እኩል የሚጨብጥ ሞርሳ ያስፈልጋል። ሞርሳዬን ግን ባለፈው ፋሲካ ሰሞን "ለአንድ ቀን ነው ጋሼ" ብሎ አንድ የሠፈሬ ሰው ወስዶታል። ስሙን አልጠራም፤ ያውቃል። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ከሆነ እለምነዋለሁ፦ ወንድሜ፣ ሞርሳዬን መልስ። ቤት ከሌለሁ ለባለቤቴ ስጣት፤ ለወንድሟ ግን አትስጠው።